የእትዬ ብርቄ ጣሳ

እንደ እትዬ ብርቄ ያለ ብልህ ሰው አላጋጠመኝም። ጎሬ ከተማ ሳለሁ ጎረቤቴ ነበሩ። ሥራ ቀይሬ ወደ መቱ ከተማ ስሄድ ማር በጣሳ ሞልተው ሰጡኝና «ጣሳዬን እንዳታስቀርብኝ!» አሉኝ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ስኳር ሞልቼ ወሰድኩላቸው፤ እሳቸውም ቅቤ ሞልተው መልሰው አስያዙኝ። እንዲህ ስመላለስ ዓመታት አለፉ። አንዴ ሥራ በዛብኝና፣ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ጣሳውን በሚኒባስ ሹፌር ላክሁላቸው። በዚያው መኪና፣ ስኳሩ ሳይነካ ተመለሰ። ሹፌሩ እየሳቀ፣ «‹ጣሳማ ቤቴ ሞልቷል፤ የጠፋኝ ሰው ነው በለው› ብለዋል» አለኝ። አፍሬ በማግስቱ ራሴ ወሰድኩላቸው።

በቀደም ለለቅሷቸው ስሄድም ያንኑ ጣሳ ስኳር ሞልቼ ነበር። ልጃቸው ገልብጣ፣ አጥባ፣ «አንተ ጋ ይሁን» ብላ ሰጠችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶውን ይዤው መቱ ገባሁ።