«ገጥሟል» ያለው አናጺ

አናጺው እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ፊቱን ለብ ባለ ውኃ ታጠበ፤ ሚስቱ የቀዳችለት ሻይ እስኪበርድ ጠብቆ ዳቦውን እየነከረ በግራ መንጋጋው ብቻ አላመጠ። ከዚያም ከግቢው በር አጠገብ ያለችውን የሥራ ቤቱን ከፍቶ ከትናንት የተረፈውን ፍቅፋቂ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን የመስኮት ክፈፍ በመላጊያ ይልግ ጀመር። መላጊያውን በሳበ ቁጥር ሕመሙ ከቀኝ ጥርሱ ተነሥቶ እስከ ጆሮው ሥር ይጠዘጥዘው ነበር።

ሰፈሩ «ውኃ ልክ» ይለዋል። ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ የሚያነክስ ጠረጴዛ ካየ፣ ከእግሩ ሥር ስንጥር ሳይወትፍ እጁን አይታጠብም። ጥርሱን ካስሞላ ግን ከወር በላይ ሆኖታል፤ ሕመሙም አልለቀቀውም። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ እሱ ያልነገረው ጥርሱን ለሞላችው ሐኪም ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ መላጊያውን አስቀምጦ ማስታገሻ ሊገዛ ወጣ። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ከጥርስ ሕክምናው ጋር ደጃፍ ለደጃፍ ስለሆነ ወደዚያ አልሄደም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ከገበያው ማዶ ወዳለው ሄደ። እዚያ ማንም አያውቀኝም ብሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲገባ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ነጭ ካፖርት ለብሳ የቆመችው የጎረቤቱ ልጅ ሆና አገኛት።

«ውይ ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ?»

«ሥራ ከለወጥኩ ቆየሁ እኮ። ምን ልስጥዎት?»

«ለጥርስ የሚሆን። ጠንከር ያለውን።»

ልጅቷ መደርደሪያውን አላየችም፤ ፊቱን አየች። «ያው ያስሞሉት ነው? እስካሁን?»

«እስካሁን። ተይው ልጄ፤ ያቺ ሐኪም አፌን አበላሽታዋለች።»

«ተመልሰው ነገሯት?»

«ምን ብዬ?»

«አመመኝ ብለው ነዋ!»

አናጺው ዘወር ብሎ ከበስተኋላው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ። «ስሚ፤ ሞልታ ስትጨርስ ቀለም የተቀባ ወረቀት በጥርሴ መካከል አስገብታ ‹ይንከሱ፤ ገጥሟል ወይስ ከፍ ብሏል?› አለችኝ። አፌ ደንዝዞ የማን አፍ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ‹ገጥሟል› አልኳት።»

«ደንዝዟል አይሉም ነበር?»

«ሰው በር ላይ ተሰልፎ! ሐኪሟ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ሲቆረጥ እያየሁ! ‹ገጥሟል፤ እጅሽ ይባረክ› ብዬ መርቄያት ወጣሁ። ታዲያ መርቄ በወጣሁበት አፍ ተመልሼ ልክሰሳት?»

«መክሰስ አይደለም እኮ ጋሼ። ለእሷ መንገር ነውር ሆኖብዎት ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ።»

«ለሰፈሩ መናገሬን ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ ነዋ!»

አናጺው ሊስቅ አፉን ከፈት ሲያደርግ ወጋውና መልሶ ገጠመው። «አባቶች ‹ዝም አይነቅዝም› ብለዋል» አለ።

«ዝም አይነቅዝም ይሆናል፤ ጥርስ ግን ይነቅዛል። እነዚያው አባቶች ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ብለው የለም?»

ይሉኝታ በራሱ መጥፎ ጠባይ አይደለም። ሰውን ከስድነት ይጠብቃል፤ ላደከምነው ሰው እንድናዝን ያደርጋል። ከታመመ ሰው አፍ ላይ ሲንጠለጠል ግን ቁልፍ ይሆናል፤ መክፈቻውንም የያዘው ቁልፉን ያንጠለጠለው ሰው ራሱ ነው። አናጺው ይህን ገና አላመነም።

«ሐኪም እኮ የተማረ ሰው ነው» አለ። «ማወቅ ያለባት እሷ ናት። እኔ በር ስገጥም ባለቤቱን ‹ገጥሟል ወይ?› ብዬ አልለማመጥም፤ በውኃ ልክ አየዋለሁ።»

«ለጥርስማ ውኃ ልክ የለም ጋሼ፤ ውኃ ልኩ የታማሚው አፍ ነው። ጥርስ ከተሞላ በኋላ ጥቂት ቀን መጠዝጠዙ ያለ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ፣ ሲነክሱበትም ከወጋ፣ መታየት አለበት። ምናልባት ሙሌቱ የጸጉር ያህል ከፍ ብሎ ይሆናል። ምላስ ላያውቀው ይችላል፤ መንጋጋ ግን ያውቀዋል፤ ሲታገለው ይውላል፣ ሲታገለው ያድራል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ነው ሄደው ይታዩ የምልዎት።»

«አሁንማ በየት ፊቴ!»

«ያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ትዝ ይልዎታል? ቁም ሣጥኑ አልዘጋ ያለው?»

አናጺው ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱን አታንሺብኝ! የእንጨት ነገር ነው፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል። አንድ ቀን ብቅ ብሎ ቢነግረኝ መላጊያዬን ይዤ ሄጄ፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጌ እዘጋለት ነበር። እሱ ግን በገበያው ሁሉ ‹እጁ የተሰበረ አናጺ› እያለ ስሜን አጠፋ። ሰው እንዴት ለሠራለት ሰው ሳይናገር...»

እዚህ ላይ ንግግሩ ተቋረጠ። ልጅቷም አላገዘችውም፤ የተሳለ ነገር ሁለት ጊዜ አይሳልም ብላ ይመስላል፣ ዞር ብላ ከመደርደሪያው አንዲት ማሸጊያ አወረደች። አናጺው ነጋዴውን ስንት ዘመን እንደረገመው ራሱ ያውቃል፤ ያው እርግማን አሁን ዞሮ ራሱ ላይ ሲያርፍ የሚጠለልበት ጥግ አጣ።

«እሺ፤ እሄዳለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ዛሬ ሳልል።»

«እሰየው! ይህ እስኪታዩ ድረስ ያስታግስልዎታል፤ ምግብ በልተው ነው የሚወስዱት። ግን ባለፈው ሳምንት ባለቤትዎ ከወሰዱልዎት ጋር እንዳይደርቡት፤ ዓይነቱ አንድ ነው፤ ጨጓራዎን ይጎዳዎታል።»

«ማን ወሰደልኝ?»

«ባለቤትዎ። ‹የመንጋጋ ሕመም ነው› ብለውኝ እዚሁ መጥተው ወስደዋል። ለእርስዎ መስሎኝ...»

«ለእኔ የመጣ መድኃኒት የለም» አለ አናጺው።

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መስተዋቱ ሰበረች። አናጺው የተናገረው ትዝ አለው፤ በእራት ላይ መንጋጋውን በእጁ ደግፎ «ጥርስሽ ቢረግፍ እንኳ የዚያችን ሴት ደጃፍ እንዳትረግጪ» ብሎ ነበር። ሚስቱም «እሺ» ብላ ሰሐኑን አንሥታ ሄደች። ያን ጊዜ «እሺ» ማለቷን እንደ አክብሮት ቆጥሮት ነበር።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች።

«አፍሽን ክፈቺ እስቲ» አላት፣ እንደ ቆመ።

«ምን ሆንክ አንተ ሰው? በሬ ልትገዛ ነው?»

«ክፈቺ አልኩሽ፤ እባክሽ።»

«እባክሽ» የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ ስለማታውቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ሴትየዋ ያጠፈችውን አንሶላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ማን ነገረህ?»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምን ልበልህ? አንተ አሞህ ቤቱን በእርግማን ሞልተኸዋል፤ እኔ ደግሞ ላክልበት? አትሂጂ ብለኸኛል። ያልፋል አልኩ። የአንተ ሲያልፍ የእኔም ያልፋል አልኩ።»

«የእኔ የሚያልፍ አልነበረም። ሐኪሟን ዋሽቼያታለሁ። አፌ ደንዝዞ ሳለ ገጥሟል አልኳት፤ ከዚያ ጥፋቱን ለእሷ ሰጠሁ።»

ሚስቱ ዞራ አየችው። «ይህን ያህል ጊዜ?»

«ይህን ያህል ጊዜ።»

አብረው የሚኖሩ ሰዎች ሕመማቸውን የሚደባበቁት ጊዜ የማያልቅ እየመሰላቸው ነው። የሚቆጩት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁጭት አይጠቅምም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። ሐኪሟ በሩ ላይ ስታያቸው ፈገግ አለች፤ አናጺው ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ዶክተር፣ ያን ቀን ገጥሟል ያልኩሽ ሳላውቀው ነው። ከዚያም መጥቼ ለአንቺ በመናገር ፈንታ ስምሽን በየደጁ አነሣሁ። ሰው እንዳይመጣብሽ አድርጌያለሁ።»

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች «ሰው ሁሉ ‹ደህና ነው› ብሎኝ ይወጣል» አለች። «ደህና አለመሆኑን የምሰማው ከመንገድ ነው። እኔም አፍዎ እንደደነዘዘ እያወቅሁ፣ በማግሥቱ ብቅ እንዲሉ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ይቀመጡ።»

ቀለም የተቀባውን ወረቀት አስነከሰችው፤ ከፍ ያለውን ነጥብ አየች፤ በትንሿ መሣሪያ ቀስ አድርጋ ላገችው። «አሁንስ?»

አናጺው ቸኩሎ አልመለሰም። ነከሰ፤ አላመጠ፤ ደግሞ ነከሰ። «ትንሽ ይቀራል» አለ። በሕይወቱ ለሐኪም እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሟ ጨመር አድርጋ ላገችው። «አሁን ገጥሟል።»

ቀጥሎ የሚስቱ ተራ ሆነ። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ አየች፤ የራጅ ፎቶ አነሣች፤ ፎቶውንም ብርሃን ላይ ይዛ ለሁለቱም አሳየቻቸው። ሥሩ መግል ይዟል፤ አጥንቱም ተበልቷል። «ሕመሙ እንደጀመረዎት ቢመጡ ኖሮ ይሞላ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። አናጺው የሚስቱን እጅ ሊይዝ እጁን ዘረጋና፣ ይገባኛል ወይ ብሎ አመነታ። እጁን የያዘችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ አናጺው በሁለቱም መንጋጋው ያላምጣል፤ መንጋጋው ውሎ አድሮ ተፈታለት፤ እንቅልፉም ተመለሰ። ሥራ ሲያስረክብ ደንበኛውን «ሳምንት ተጠቀሙበትና ያልገጠመ ካለ ለእኔ ንገሩኝ» ይላል፤ ስለዚህ ስሙን በገበያ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። በየደጁ ዞሮም ያጠፋውን የሐኪሟን ስም በዚያው አፉ አደሰ፤ ሰዎችም ሕመማቸው ሳይከፋ መሄድ ጀመሩ። የተሞላ ጥርስ ቀን አልፎ ሲያምም፣ ፊት ሲያብጥ፣ አፍ አልከፈት ሲል ለሐኪሙ ተመልሶ መንገር ውለታ ቢስነት እንዳልሆነ ለሚሰማው ሁሉ ይናገራል። ሐኪሙም የሠራውን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሚስቱ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አንሥታበት አታውቅም። ከአፏ ግን በስተግራ፣ ከታች፣ አንድ መንጋጋ ጥርስ የለም።