ባንቺአምላክ የከፈተችው ቾክ

በእኛ ጊዜ መኪና ጠዋት በቁልፍ ብቻ አይነሳም ነበር ልጆቼ። ቾክ የሚባል አለ፤ ስትስበው የሞተሩን የአየር አፍ ይዘጋና ቤንዚን በዛ ብሎ ይገባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ መልሰህ ትገፋዋለህ። የእኛን አገር ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ! እና እኔ ዳንግላ ስንት ዘመን በሹፌርነት ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼም አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችኝ፤ ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም።

ታዲያ ባለቤቴ ታንጉት ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን ይዤ እየመራኋት ስንኖር፣ እንጅባራ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፣ ዛሬ ጨርሰው ይሄዳሉ ተባለ። ቅዳሜ ነው። ይዣት ወጣሁ። አዲስ ቅዳም ልንደርስ ስንል መኪናዋ ጥቁር ጭስ ለቀቀችና ቆመች። ባስነሳት፣ ባስነሳት፣ ወይ ፍንክች! ሚኒባስ ለማስቆም እጄን ባወጣ፣ የገበያ ቀን ነውና ሁሉም ጢም ብሎ ያልፋል። ታንጉት ከውስጥ፣ "ደረስን እንዴ?" ትለኛለች።

በዚህ መሀል ድንች ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ቆም አለች። ባንቺአምላክ ትባላለች፣ ስሟን ኋላ ነው ያወቅሁት። አሸተት አሸተት አደረገችና፣ "አባባ፣ አየር አጥታ ነው እኮ። ቤንዚን ብቻ ጠጥታለች" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?"

"መስኖ የማጠጣበት የውሃ ሞተር አለኝ፤ እሱም ቾክ አለው።"

"ይሄ መኪና ነው እንጂ የውሃ ሞተር አይደለም!" ብዬ ጮህኩባት። አያችሁልኝ ትዕቢቴን?

ታንጉት ከውስጥ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዝም በልና ትይልህ!"

ኮፈኑን ከፍቼላት ፈቀቅ አልኩ። ሴትዮዋ ድንቿን አወረደች፣ ነጠላዋን አሸረጠች፣ የአየር ማጣሪያውን ፈትታ ጣቷን ሰደደችና፣ "ይኸው!" አለች። የቾኩ ክዳን እንደተዘጋ ቀርቷል፤ እኔ ገፋሁት የምለው ገመዱ ለካ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ክዳኑን በቤንዚን አጥባ አላቀቀችውና እንዳይዘጋ በቀጭን ሽቦ አሰረችው። እና፣ "አሁን ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይርገጡና ያስነሱ" አለችኝ፣ እኔን! ረገጥኩ። ተንተፋተፈች፣ ተንተፋተፈችና ተነሳች! "ጠዋት በብርድ እምቢ ካለችዎ ሰው ያስነሳልዎ፣ እርስዎ የአየር አፏን በመዳፍዎ ከደን ያድርጉላት፤ ስትነሳ ይልቀቋት" ብላኝ ድንቿን ተሸክማ ሄደች። በዘመኔ ስንት መካኒክ አይቻለሁ፣ እንደሷ በአፍንጫው የሚያውቅ ግን አላየሁም።

እንጅባራ ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሊሸክፉ ነው። ለምነን ተቀበሉን፤ ሞራውንም ገፈፉላት። እዚያው አድረን ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላት ታንጉት ትኩር ብላ አየችኝና፣ "አርጅተሃል!" አለችኝ። ሳቅን፣ አለቀስንም።

ታዲያ ስንመለስ አዲስ ቅዳም ላይ ጠያይቀን የሴትዮዋን ቤት አገኘን። ታንጉት የባንቺአምላክን ሁለት እጆች ይዛ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸውና ሳመቻቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ "ትናንት ስለጮህኩብሽ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ኧረ አባባ፣" አለች እየሳቀች፣ "እኔም ሞተሬ እምቢ ሲለኝ ያገኘሁት ሰው ላይ ነው የምጮኸው!"