የተፈታው ማተብ

ጎንደር፣ በነገሥታቱ ዘመን፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባልቴቷ ትርንጎና የቤተ ክህነት ተማሪ ልጇ ዘወልድ ጎጇቸው ውስጥ ይጨቃጨቃሉ።

ዘወልድ፦ ማተቡን በጠሰ ብለሽ ነገርሻቸው?

ትርንጎ፦ በጉባኤ ቤቱ አጥር አሻግሬ ሳይህ አንገትህ ባዶ ነበር። ማተብህ መምህርህ እጅ ላይ መታሰሩ ትዝ ያለኝ ከንስሐ አባቴ ከአባ ጸጋ ቤት ስመለስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘወልድ፦ የጉባኤያችን ደንብ ነው እኮ እማዬ። ለልምምድ ከሓዲ ሆኖ የሚከራከር ተማሪ ማተቡን ፈትቶ ለመምህሩ በአደራ ይሰጣል። ከባሕር ማዶ አምላክ የለም የሚል ሰው ቢመጣብን መልስ እንዳናጣ ነው።

ትርንጎ፦ እኔ ምን አውቄ? "አምላክን ማን አየው?" ስትል ሰማሁ፤ እውነት መሰለኝ።

ዘወልድ፦ እውነት መስሎሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሮጥሽ።

ትርንጎ፦ እንዲመክሩህ ብዬ ነበር። እሳቸው ለደብሩ አለቃ ነገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዘወልድ፦ ግድ የለም፣ መምህሬ ይመሰክሩልኛል።

ትርንጎ፦ አለቃው ምስክር አይበቃም ብለዋል። መስቀል ይዘህ "ያለ ጥርጥር አምናለሁ" ብለህ ትምላለህ፤ እምቢ ካልክ ትወገዛለህ። ትምላለህ አይደል?

ዘወልድ፦ በክርክሩ ላይ ጓደኞቼ ቤት ያለ ሠሪ አይቆምም አሉኝ። ሠሪውንስ ማን ሠራው አልኩ። የሚረታኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር፤ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲህ ጠረጠርክ።

ዘወልድ፦ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ ለሰው ነው ያልኩህ፤ ለፈጣሪ አላልኩም። በቃ ማልና ልረፍ።

ዘወልድ፦ ጥርጥር እያለኝ የለኝም ብዬ ልማል? በስሙ መዋሸት እፈራለሁ።

ትርንጎ፦ የለም የሚል ሰው ማንን ይፈራል?

ዘወልድ፦ ይህን ጉባኤው ላይ ብትይልኝ።

ትርንጎ፦ ሴትን ማን ያስገባታል? ተነሥና በጓሮ ውጣ፤ አጎትህ ዘንድ ሂድ።

ዘወልድ፦ አልሸሽም። ነገ ማለዳ ራሴ ሄጄ ያለውን እነግራቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ ነገን ማን ሰጠህ? የአለቃው ሰዎች ሊወስዱህ የሚመጡት ዛሬ ማታ ነው። "እንዳያመልጥ በሩን ክፍት ተይው" አሉኝ።

ዘወልድ፦ አንቺስ?

ትርንጎ፦ እሺ አልኩ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት፣ እሺ አልኩ።

ዘወልድ፦ ያው፣ ችቦ ይዘው ዳገቱን እየወጡ ነው። ተይው ይግቡ እማዬ። ብትዘጊባቸው አንቺም ትወገዣለሽ።

ትርንጎ፦ ያውግዙኝ። ልጄን አሳልፌ ሰጥቼ የምጸልየውን ጸሎት ማን ይሰማዋል? ወደ ውስጥ እለፍ፤ በሩን ቀርቅሬዋለሁ።