ቀለም የተቀባው ጋላክሲ

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ የፎቶ ወረቀት ሊገዙ ማተሚያ ቤት ጎራ ቢሉ፣ ትምህርት ላይ ናት ያሏትን የእህታቸውን ልጅ ማሽኑ አጠገብ ቆማ አገኟት። እናቷ በሕፃንነቷ ከሞተችባት ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስቱዲዮውን ተረከቢኝ ካሏት ሰነባብተዋል፤ እሷ ደግሞ የከዋክብት ጥናቷን ሩቅ ከተማ ሄዳ መቀጠል ትሻለች። ያለ እሳቸው ፈቃድ ግን እግሯ አይነሳላትም።

ማሽኑ ሰፊ ፎቶ ቀስ እያለ ይተፋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሳሙና የተማሰለበት ሳፋ ይመስላል።»

«ጋላክሲ ነው ጋሼ። የህዋ ቴሌስኮፕ ነው ያነሳው። የተጠማዘዙት ክንዶች ኮከብ በኮከብ ናቸው፤ ጠቆር ያለው ክር አቧራ፣ ቀያዮቹ ደግሞ ኮከብ የሚወለድባቸው ደመናዎች።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ጥርት ያለ ፎቶ ካዩ አያስችላቸውም።

«ማንሳቱንስ አንስቶታል። ቀለሙ ግን እንዲሁ ነው?»

ነው ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለእሳቸው ዋሽታ ግን አታውቅም።

«አይደለም። መሣሪያው የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ነው፤ የብርሃን ማጣሪያ እየቀያየረ ደጋግሞ ያነሳል። ከፊሉማ ዓይናችን ጭራሽ የማያየው፣ አቧራውን አልፎ የሚመጣ ብርሃን ነው። ቀለሙን የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው።»

«የተቀባ ነዋ። ሱቄን ጥለሽ የምትሄጂው ለዚህ ውሸት ነው?»

«የእማዬን ፎቶ የቀባው ማን ነው ጋሼ?»

ያ ፎቶ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀርቶ፣ እሳቸው በቀጭን ብሩሽ ነፍስ የዘሩበት።

«እኔ ነኝ።»

«ቀሚሷን አረንጓዴ ያደረጉት ስላማረዎት ነው?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ቀሚሱን ከሳጥን አውጥቼ፣ አጠገቤ ሰቅዬ፣ እሱን እያየሁ ነው የቀባሁት። በሟች ላይ ይቀለዳል እንዴ?»

«እነሱም ከልባቸው ፈጥረው አያመጡም። የትኛው ማጣሪያ ምን እንዳሳለፈ እያዩ፣ አጭሩን የብርሃን ሞገድ ሰማያዊ፣ ረጅሙን ቀይ ያደርጉታል። እኔ እማዬን ያወቅኋት በእርስዎ ቀለም ነው፤ ሰውም ያንን ሩቅ ሰማይ የሚያውቀው በእነሱ ነው።»

ሽማግሌው ማጉያ መነጽራቸውን ከኮት ኪሳቸው አወጡ። የማሽኑ ባለቤት «አባባ፣ ሌላ ደንበኛ አለ» ቢላቸው «ይጠብቃ» አሉት። የጋላክሲውን ክንድ ከጫፍ እስከ መሃል ተከትለው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ሂጂ። ግን ቀሚሱን ሳታዪ እንዳትቀቢ።»

ሄደች። እሳቸውም ጋላክሲውን ከእህታቸው ጎን ሰቀሉት። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ስለ ከዋክብት ይማር ጀመር፤ ልጁን ከትምህርት ሊያስቀር ያሰበ አንድ አባትም እዚያ ወንበር ላይ ሐሳቡን ለውጧል። የእውቀት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዓይን የማይደርስበትን ያሳያል፣ እንዴት እንዳየውም አይደብቅም።

ዛሬ ሽማግሌው የሉም። ሌላውን ሁሉ ሲያነሱ ኖረው የራሳቸው ሆኖ የተገኘው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነበር። ከቀብር መልስ ልጅቷ ብሩሻቸውን አጠበች፤ ቡናማ ኮታቸውን አጠገቧ ሰቅላ፣ እያየች ቀባች።