ክዳኑ ያልተከፈተ ፎቶ

ደብረ ብርሃን፣ ከቀትር በኋላ፣ አቶ ሺበሺ ፎቶ ቤት፤ ሺበሺ የፎቶ ክፈፍ እየወለወሉ ተቀምጠዋል፤ ከእርሳቸው ተለይቶ የራሱን ፎቶ ቤት የከፈተው የቀድሞ ባልደረባቸው ዘርጋው ከፊታቸው ቆሟል።

ዘርጋው፦ ጋሼ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የምለው! ካሜራውን ያውሱኝ፤ ጎህ ሲቀድ እመልሳለሁ።

ሺበሺ፦ ስንለያይ ሽማግሌዎቹ እንዴት አድርገው ነበር ያካፈሉን?

ዘርጋው፦ ካሜራው ለእርስዎ፣ የተነሱት ፎቶዎች ለእኔ።

ሺበሺ፦ በድርሻህ የጠገብክ መስሎኝ ነበር። የጅራታሙን ኮከብ ፎቶ ይዘህ ከተማውን ስትዞር አልነበር?

ዘርጋው፦ እሱው ነው ጉድ የሠራኝ። ለከተማው ኤግዚቢሽን ተመርጦ፣ ግድግዳ አክሎ ሊታተም ነው። አጉልተን ስናየው ግን ሰማዩ በሙሉ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ይመስላል።

ሺበሺ፦ ኮከብ ይሆናላ።

ዘርጋው፦ አይቀልዱብኝ። ኮከብ አለመሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ራሱ የፈጠረው ነው።

ሺበሺ፦ በኮምፒውተር እጠበዋ።

ዘርጋው፦ አጠብኩት። ነጠብጣቡን ሲያጠፋ የኮከቡን ጅራት አብሮ በላው። እንደገና እንዳላነሳው ኮከቡ ሄዷል፤ እኛ በሕይወት እያለን አይመለስም።

ሺበሺ፦ ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ካንተ አፍ ልስማው።

ዘርጋው፦ የጨለማ ፎቶ።

ሺበሺ፦ ጮክ በል እስቲ።

ዘርጋው፦ የሌንሱን ክዳን ሳይከፍቱ፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ዓይነት ብርድ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ እያቆዩ ጨለማውን ማንሳት! ብርሃን ስለማይገባ ፎቶው ላይ የሚቀረው የሴንሰሩ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እሱን ከዋናው ፎቶ ላይ ሲቀንሱት ሰማዩ ይጠራል።

ሺበሺ፦ ጎበዝ። ኮከቡን ያነሳን ሌሊት ተራራው ላይ ይህን የነገረህ ማን ነበር?

ዘርጋው፦ እርስዎ።

ሺበሺ፦ ነገርኩህ ብቻ? አንስቼም ነበር እኮ። የጨለማዎቹ ፎቶዎች የት ገቡ?

ዘርጋው፦ ደመሰስኳቸው። ጥቁር ብቻ ሆነው ሳያቸው የተበላሹ መሰሉኝ።

ሺበሺ፦ ደምስሰህ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ድንኳን አከራዩ እንግዳሸት ዘንድ ሄደህ ምን አልክ?

ዘርጋው፦ ቀልድ ነበር፣ ጋሼ።

ሺበሺ፦ «ሺበሺ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ክዳኑን ሳይከፍት ፎቶ ያነሳል።» እንግዳሸትም ድንኳን በተከለበት ሰርግ ሁሉ ቀልድህን አብሮ ተከለው። የገዛ እህቴ ልጅ ስትዳር እኔ ከእንግዶች ጋር ተቀምጬ ፎቶ አንሺው አንተ ነበርክ። «ጋሼ፣ የካሜራው ብልጭታ ይታይዎታል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። እህቴም ሳቀች።

ዘርጋው፦ አፌን በቆረጠው! ምን ላድርግ? እግርዎ ላይ ልውደቅ?

ሺበሺ፦ እግሬ ምን ያደርግልሃል? ስልክህን አውጣና እንግዳሸት ጋ ደውል። ድምፁን ክፈተው። ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አላጠፋህም።

ዘርጋው፦ አሁን? ሱቁ ሰው ሞልቶት ይሆናል እኮ።

ሺበሺ፦ እንዲሞላማ ነው የምፈልገው።

ዘርጋው፦ ሄሎ፣ እንግዳሸት? ደህና ነኝ፣ ይመስገን። አይ፣ ለድንኳን አይደለም። ስለ ጋሼ ሺበሺ የነገርኩህ ነገር… ውሸት ነው። አዎ፣ ውሸት። ዓይናቸው ደህና ነው። ክዳኑን ያልከፈቱት አውቀው ነው፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። አትሳቅ እንግዲህ! አዎ፣ እዚያ ላሉትም ንገራቸው።

ሺበሺ፦ «ቀንቼ ነው» በለው።

ዘርጋው፦ ጋሼ!

ሺበሺ፦ ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው ያልከኝ?

ዘርጋው፦ ቀንቼባቸው ነው፣ እንግዳሸት። ደህና ዋል። በቃዎት? ሱቁ ውስጥ ያሉት ሲያሽካኩ ሰምተዋል፤ ከእንግዲህ በዚያ በኩል ማለፊያ የለኝም። በሉ፣ ካሜራውን ይስጡኝና ብርዱ ሳይለቅ ተራራው ላይ ልውጣ።

ሺበሺ፦ ካሜራው እዚህ የለም።

ዘርጋው፦ ቤት ነው? እከተልዎታለሁ።

ሺበሺ፦ ቤትም የለም። ተሽጧል።

ዘርጋው፦ ለማን?

ሺበሺ፦ ለአንድ መንገደኛ። ወደ ጅቡቲ መንገድ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ስሙን አልጠየቅሁትም።

ዘርጋው፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ያስቀባጠሩኝ ለምንድን ነው? የለኝም አይሉኝም ነበር?

ሺበሺ፦ አለኝ ብዬሃለሁ? አንተ ለመንክ፤ እኔ አዳመጥኩ።

ዘርጋው፦ እንደ ዓይንዎ ብሌን የሚጠብቁትን ካሜራ! ምን ነክቶዎት ሸጡት?

ሺበሺ፦ ቀልድህ ሰርግ ለሰርግ በዞረበት ጥር አንድም ሙሽራ ደጄን አልረገጠም፣ ዘርጋው። ሻጩ አንተ ነህ፤ እኔ አስረካቢ ብቻ ነበርኩ።