ኦድቫር ኢሜይሉን የተነጠቀ ዕለት

— ሄሎ?… ኦድቫር! ምነው ድምፅህ?… ቆይ፣ ቀስ በል፣ አልሰማሁህም… አዎ፣ አሁን ይሰማል።

— አዎ፣ በስምህ የተላከው ኢሜይል ጠዋት ደርሶኛል። «ውድ እህቴ ቶርዲስ፣ ማድሪድ ላይ ቦርሳዬን ተሰረቅሁ፣ ገንዘብ ላኪልኝ» ይላል። ሳቅሁ እንጂ አልደነገጥሁም። አንተ ከደሴትህ ወጥተህ ማድሪድ? ደግሞስ በዕድሜህ «ውድ እህቴ» ብለኸኝ ታውቃለህ?… እኮ! «አንቺ አሮጊት» ነው የለመድኩት።

— ሌባው ለመዘምራኑም ሁሉ ልኳል? ለቄሷም?… አይዞህ፣ ቄሷ እንዲህ በቀላሉ አትታለልም።

— እያለቀስክ ነው እንዴ?… ምንድን ነው፣ ንገረኝ… የሚስትህ የሶልፍሪድ ድምፅ? ሆስፒታል ሆና በኢሜይል የላከችልህ?… ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም?… እሺ። እሺ ወንድምዬ። መጥፋቱን ገና አላየንም። ቆይ፣ ይሄ ባሌ… አርንፊን! ሬዲዮውን ዝጋው እስቲ፣ ወንድሜ ነው!

— በል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥ። «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» የሚለውን ንካ… አውቃለሁ አልረሳህም፣ ሌባው ቀይሮብህ ነው። ግድ የለም፣ ንካው… ስልክህ ላይ ቁጥር መጣ?… ኧረ አትንገረኝ! ለእኔም ቢሆን! ራስህ ጻፈው። ነገ አንዱ «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢልህም ያው ነው፤ ያንን ቁጥር የሚጠይቅህ ሁሉ ሌባ ነው።

— ተቀበለህ?… እሰይ! አሁን አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል… ምን ልትጽፍ ነው? የድሮውን?… ምን ነበር እሱ?… የሶልፍሪድ ስምና የተጋባችሁበት ዓመት። ለኢሜይሉ። ለጀልባ ማኅበሩም?… ለሁሉም! ኦድቫር፣ ያንን እኮ ደሴቱ በሙሉ ያውቀዋል። አንዱ ጋ ሲሰረቅ በሩ ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው።

— …ምን አልክ?

— …በየጠዋቱ ስሟን ለመጻፍ ብለህ።

— አይ ኦድቫር። አላወቅሁም ነበር… ሞኝነት ማን አለው? ግን እሷ ብትሰማ ምን ትልህ ነበር? በሯ መቆለፉን ሄዳ ሳትሞክር የማትተኛ ሴት! ስሟን ጮክ ብለህ ጥራው፣ ኩሽናህ ውስጥ ማን ይሰማሃል? ከፈለግህ ለእኔ ደውለህ ጥራት። በየጠዋቱ ደውል። ቁልፍ ግን አታድርጋት።

— አሁን የማይገናኙ አራት ቃላት አስብ። ለምሳሌ «ካልሲ፣ ደመና፣ መጋዝ፣ አክስት»… የእኔን አትውሰድ እንጂ! ከራስህ አምጣ፣ ረጅም ይሁን… ምን ያስቅሃል?… አትንገረኝ አልኩህ! አርንፊን፣ ስማው፣ እየሳቀ ነው።

— ሌላውም ሁሉ የየራሱ ይኑረው… ማን በቃሉ ይይዘዋል? አንተማ አትይዝም! የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ መተግበሪያ አለ፤ አንተ የእሱን ዋና ቃል ብቻ ታስታውሳለህ፣ የቀረውን እሱ ይፈጥራል፣ እሱ ይይዛል። ስንገናኝ እጭንልሃለሁ። ባንኩ ጋ ግን ስንጨርስ ወዲያው ደውል።

— ገባህ?… አትቸኩል፣ ሌባው ገና ቤትህ ውስጥ ነው። «ከሁሉም ቦታ አስወጣ» የሚል ፈልግ… የማታውቀው ኮምፒውተር? ያው እሱ ነዋ! አስወጣው!… ደግሞ ሁለተኛውን ማረጋገጫ አብራው፤ ቃልህን ቢያውቅ እንኳ ስልክህ ካልፈቀደለት አይገባም።

— በል አሁን መልእክቶቿን ፈልግ…

— ሄሎ?… ኦድቫር?… ትሰማኛለህ?

— አሉ? ሁሉም?… ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ።

— አልከፈትካቸውም?… ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን?… ገባኝ። አዎ… ብቻህንማ እንዴት ትችለዋለህ።

— እንግዲያው አሁንም አትክፈታቸው። ከዚህ ከቡደ ወደብ በሚነሳው የከሰዓቱ ጀልባ እመጣለሁ… ምን «አትቸገሪ» ይለኛል ይሄ! ዓሣ ካለህ ቀቅል፣ ከሌለህም ድንች ይበቃናል። አብረን ነው የምንሰማት። አርንፊን፣ የዝናብ ኮቴን አቀብለኝ!… በል ዝጋው፣ ወደቡ ላይ ጠብቀኝ።