ድሬሰሩ ያስተማሩኝ አተነፋፈስ

አንድ ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱብኝ በኋላ ትከሻዬ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ትንፋሽም ያጥረኝ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሲጨቀጭቁኝ እዚያው ሰፈሬ ኮልፌ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ የሚያክሙት ድሬሰር ሽማግሌ ናቸው። ደረቴን በማዳመጫ ደጋግመው ሰሙና፣ «ሳንባሽ ደህና ነው። ለመሆኑ ገላሽን ከታጠብሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሉኝ። አላስታወስኩም፤ አፈርኩ።

«ቤትሽ ስትገቢ ውሃ አሙቀሽ ታጠቢ፤ ትኩስ ነገርም ቅመሺ። አሁን እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አየር ሳቢ። ስታስወጪ ትከሻሽን ልቀቂው» አሉኝ። እንዳይከብደኝ ብለው የራሳቸውንም እጅ ሆዳቸው ላይ አደረጉ። አብረን ሳብን፣ አብረን አስወጣን። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ትከሻዬ ወረደ፤ ስንት ወር አልወጣ ያለኝ እንባም አብሮ መጣ። «ልጄ የሚመለስ አልመስል አለኝ» አልኳቸው። ይህን ቃል ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። አይዞሽ፣ ይመጣል ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እንደገና አየር ሳቡ።

«እርስዎንስ ይህ አተነፋፈስ ጠቅሞዎታል?» አልኳቸው።

«የእኔም ልጆች ሁለቱም ሄደዋል፤ ደብዳቤ መላክ ካቆሙ ቆዩ» አሉኝ፣ እጃቸውን ከሆዳቸው ሳያነሱ። «እተነፍሳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከዚህ የበለጠ አላገኘሁለትም።»

ቤቴ ገብቼ ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። እውነትም ሰውነቴ ቀለለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ሲንኳኳ ልጄ ነው ብዬ ብድግ ማለቱን ተውኩት።